ውድነሽ ያላየችው ሕልም

ውድነሽ ቤቴ ኬክ ሳትይዝ መጥታ አታውቅም። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የማዳሟ ሹፌር ከሕንፃው በር ላይ ያወርዳታል፤ እሷም ካርቶኑን በሁለት እጇ ደግፋ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ትወጣለች። ኬኩ ለመብል ብቻ አልነበረም። ሳዑዲ ውስጥ፣ አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ በሚባል ሰፈር በተከራየሁት ቤት የምንሰበሰብ አሥራ አራት ጴንጤዎች ነበርን፤ እዚያ አገር ደግሞ የእኛ ዓይነቱ ስብሰባ አይፈቀድም። ስለዚህ ኬኩ ሻማ ተሰክቶበት መሃል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ድንገት የሚያንኳኳ ቢመጣ መልሳችን አንድ ነው፤ ልደት ነው። መስኮቱን ዘግተን፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍተን፣ በሹክሹክታ እንዘምራለን። እኔ እልፍነሽ በ2002 ዓ.ም. ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ተወልጃለሁ።

ቤቱ የእኔ የሆነው በሀብት አይደለም። በአንድ የግል ክሊኒክ የጽዳት ኃላፊ ነበርኩ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬ ሕጋዊ፣ ኮንትራቴም በስሜ ስለነበር ቤት መከራየት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ የሰው ቤት ሠራተኞችና ሾፌሮች ናቸው። በዚህ የተነሳ ሁሉም "እትዬ እልፍነሽ" ይሉኛል፤ ሲገቡ ትከሻዬን ይስማሉ፤ ስብሰባው የሚጀመረው እኔ ስቀመጥ ነው። ክብሩ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልደብቅ። በክሊኒኩ ማንም ስሜን አይጠራም፣ "ያ ሲስተር፣ ወለሉ" ነው የሚሉኝ።

ውድነሽ የነቀምት ልጅ ናት። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሳዑዲ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ስድስቱን ዓመት ሪያድ አንድ ክፉ ቤት ውስጥ አሳልፋ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ኹበር ውስጥ ማዳም ሃላ ከምትባል ሊባኖሳዊት ዘንድ ነበረች። ማዳም ሃላ ጥሩ ሴት ናት። ለውድነሽ መስኮት ያለው ክፍልና የራሷ አልጋ ሰጥታታለች፤ ዓርብንም ትለቅላታለች። በሰው ቤት ለሚሠራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያየ ብቻ ነው።

እናቷ ግን ከነቀምት በየሳምንቱ እየደወለች ትነዘንዛታለች። ገመዳ የሚባል ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አለ፤ ወላጆች ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የቀረው ሙሽራዋ ብቻ ናት። ውድነሽ ሁለት ዓመት ሙሉ እሺም እምቢም አላለችም። "እየጸለይኩበት ነው" ትላለች። ገመዳ ምን እያደረገ ነው ብለን ስንቀልድባት ፈገግ ብላ ብርጭቆ ለማጠብ ትነሳለች።

በኅብረታችን የጸሎት ጓደኛ የሚባል ሥርዓት አለ። ሁለት ሁለት ሆነን እንመደባለን፤ አንዷ ለሌላዋ የሆዷን ትነግራታለች፤ የተነገረው ከሁለቱና ከጌታ አልፎ አይወጣም። የውድነሽ የጸሎት ጓደኛ ፈለቀች ነበረች። ፈለቀች የሶዶ ልጅ ናት፤ ደማም አል ባዲያ በሚባለው አሮጌ ሰፈር አሥራ አንድ ሰው በሚኖርበት ቤት ትሠራለች። የምትተኛው ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ነው። ወደ እኛ የምትመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ የቤቱ እመቤት አሮጊቷ ማማ ልጆቿን ለመጠየቅ ስትሄድ ብቻ ነው። ውድነሽ ከልቧ ታዝንላት ነበር። "እኔ ስሄድ አንቺን በእኔ ቦታ አስገባሻለሁ። ለማዳም እነግራታለሁ" ብላ ቃል ገብታላታለች። ፈለቀች ያን ቀን እየቆጠረች ትጠብቅ እንደነበር ማናችንም ልብ አላልንም።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ።

ማዳም ሃላ ቤሩት ሥነ ልቦና የተማረች ሴት ናት። ባሏ መሐንዲስ ነው፤ ኹበር ሥራ ሲያገኝ ተከትላው መጣች፤ ትምህርቷም ሥራ ሳያይ ቀረ። አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ውድነሽ ልታጸዳ ሳሎን ስትገባ፣ ማዳም ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ዘርግታለች። ታሮት ይሉታል። ከባሕሬን በባሕሩ ድልድይ ሲመለሱ በሕፃን ዳይፐር ካርቶን ውስጥ ደብቃ ያስገባችው ነው። ውድነሽ "በኢየሱስ ስም!" ብላ መጥረጊያውን ጥላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

ማዳም እየሳቀች ተከተለቻት። "ውድነሽ፣ ይኼ ሲህር አይደለም" አለቻት፤ ጥንቆላ አይደለም ማለቷ ነው። "ስለ ነገ አይነግርሽም። ካርዱ ወረቀት ነው፤ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ልብሽ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀውን ለአንቺም ይደብቅሻል። ሥዕል ስታዪ ግን ያመልጠዋል።"

ውድነሽ ወራት ሙሉ አልተጠጋችም። ነገር ግን ሁለት ሴቶች ጠዋት ጠዋት በአንድ ትልቅ ቤት ሲቀመጡ፣ አንዷ ሰው የናፈቃት፣ አንዷ ዝምታ የለመደች ስትሆን፣ መቼም መቀራረብ አይቀርም። አንድ ቀን ሻይ ይዛላት ስትገባ ማዳም አንድ ካርድ አንስታ "ሹ ሻይፌ?" አለቻት፤ ምን ይታይሻል ማለቷ ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ ጎረምሳ ወደ ላይ እያየ ገደል አፋፍ ደርሷል፤ ትንሽ ውሻ እግሩ ሥር ትዘላለች። ውድነሽ ሳታስበው "ውሻዋ ገደሉን አይታዋለች፤ የሚሰማት ግን የለም" አለች። ማዳም አልፈረደችም፣ አልተረጎመችም። ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እንደዚያ ይቀመጡ ጀመር።

ነገሩን የለወጠው አንድ ካርድ ነው። ዓይኗ በጨርቅ የታሰረ፣ አካሏ በገመድ የተጠፈረ ሴት። ዙሪያዋን ስምንት ሰይፍ መሬት ላይ ተተክሏል። ከበስተኋላዋ ቋጥኝ ላይ የተሠራ ግንብ አለ፤ እግሯ ሥር ውሃ ያቆረ ጭቃ።

"ምን ይታይሻል?" አለች ማዳም።

"ገመዱ የላላ ነው።"

"ታዲያ ለምን አትፈታውም?"

"ከፈታችው ወዴት ነው የምትሄጂው ይሏታል።"

"ማን ነው የሚላት?"

"እናቷ" አለች ውድነሽ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ይህን ሁሉ በኋላ ስትነግረኝ "እትዬ፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም እንደ ሌላ ሰው ነው የሰማሁት" አለችኝ። "ለካ ገመዳን ፈልጌው አላውቅም። ለካ ሁለት ዓመት እየጸለይኩበት ነው ስል አንድ ቀን እንኳ አልጸለይኩበትም። ጌታ ሂጂ ቢለኝስ ብዬ እፈራ ነበር።"

እዚህ ላይ ውድነሽ ተሳሳተች። ስህተቷ የእኛ የጴንጤዎች ስህተት ነው፤ ሌላ ሰው አይሳሳተውም። የገባትን ነገር ለፈለቀች ልትነግራት ፈለገች፤ ግን እንዴት ብላ? ካርድ ማለት በእኛ ዘንድ ጥንቆላ ነው። እንኳን ታሮት፣ መጫወቻ ካርታ የያዘ ሰው ቤቴ አይገባም። ሕልም ግን ሌላ ነው። ዮሴፍ አልሟል፣ ዳንኤል ፈትቷል፤ የዓርብ ስብሰባችን ግማሹ የሚያልቀው የየሰዉን ሕልም ስንፈታ ነው። ስለዚህ ውድነሽ ስልክ አንስታ ለጸሎት ጓደኛዋ "ሕልም አየሁ" አለቻት። የታሰረችዋን ሴት፣ ስምንቱን ሰይፍ፣ ግንቡን፣ ጭቃውን፣ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሲያበቃም "እና ጌታ ገለጠልኝ። አልሄድም። ለእናቴ አይሆንም እላታለሁ፤ ከማዳም ጋር ኮንትራቴን አድሳለሁ" አለቻት።

ፈለቀች በወዲያኛው በኩል "ጌታ ይመስገን" አለች። ያ "ጌታ ይመስገን" ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ያቺ ልጅ በሐሳቧ ልብሷን እዚያ ክፍል ውስጥ ሰቅላ ጨርሳ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ተሰበሰብን። የሚመራን ኤልያቄም ነው። የአርባ ምንጭ ሰው፣ የአንድ ድርጅት ሚኒባስ ሾፌር። ፈለቀችን ከአል ባዲያ የሚያመጣትም እሱ ነው፤ መንገዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የትንቢት ጸጋ አለው እንላለን፤ እሱም እንዳለው ያውቃል። ክፉ ሰው አይደለም። የታመመ ካለ ሥራውን ትቶ ሆስፒታል ያደርሳል። ግን ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሲዘረጋ ክፍሉ ሙሉ ትንፋሹን ውጦ እንደሚጠብቀው ከለመደ ቆይቷል፤ ልማድ ደግሞ መጥፎ ነው።

ያን ቀን እጁን ወደ ውድነሽ ዘረጋ። "እህት ውድነሽ" አለ፤ "በሌሊት ራእይ አየሁሽ። ዓይንሽ በጨርቅ ተሸፍኗል። እጅሽ በገመድ ታስሯል። በዙሪያሽ ሰይፍ አየሁ፤ ቆጠርኩት፤ ስምንት ነው። ከኋላሽ በቋጥኝ ላይ የተሠራ ግንብ፣ ከእግርሽ ሥር ጭቃ። ጌታ እንዲህ ይላል፤ ገመዱ ይህ ምድር ነው። ወደ እናትሽ ቤት ተመለሺ፤ ያዘጋጀሁልሽ ሰው ይጠብቅሻል። ይህን ወር አታሳልፊ።"

ሰው በሹክሹክታ ሃሌ ሉያ አለ። እኔ ራሴ አለቀስኩ። ሰይፉን መቁጠሩ ነው ያስለቀሰኝ። ውድነሽ ግን አላለቀሰችም፤ ፈለቀችን ቀና ብላ አየቻት። ፈለቀች ኬኩን ታያለች።

ሰው ሲበተን ውድነሽ እንደ ልማዷ ብርጭቆ ልታጥብ ወጥ ቤት ገባች። እኔም ተከትያት "እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ፣ መልስሽን አገኘሽ" አልኳት።

"እትዬ፣ እኔ ያን ሕልም አላየሁትም" አለችኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ካርዱን፣ ማዳምን፣ ለፈለቀች ሕልም ነው ብላ መዋሸቷን። "ያቺ ሴት ወረቀት ላይ የታተመች ናት" አለች። "እግዚአብሔር ለኤልያቄም ላሳየው ካለ ስንት ሺህ ሥዕል ሲኖረው ከማዳም ሃላ መሳቢያ ይዋሳል? ፈለቀች ናት የነገረችው። ከእሷ ሌላ ከእኔ የሰማ የለም። እሷ ነገረችው፤ እሱ አየሁ አለ።"

እውነት ለመናገር መጀመሪያ የተቆጣሁት በውድነሽ ላይ ነው። ካርድ! እኔ ቤት የምትገባ ልጅ! ቀጥሎ ደግሞ ማመን አቃተኝ። "በዓይኔ ሳላየው አላምንሽም" አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አላመጣም ብላኝ ነበር።

ፈለቀች በምትገኝበት በሚቀጥለው ዓርብ ውድነሽ ከሁሉ ቀድማ መጣች። ወጥ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። ኬኩን ከነካርቶኑ አነሳችና ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አየሁት። ሴትዮዋ፣ ጨርቁ፣ ገመዱ፣ ግንቡ አለ። ሰይፉን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ስምንት። ጭቃው እንኳ ኤልያቄም እንዳለው እግሯ ሥር ነው። ለዓመታት በየዓርቡ አሜን ያልኩለት ሰው አታለለኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የያዝኩት ምን እንደሆነ። በዚያ አገር ሲህር ማለት ቀልድ አይደለም። ከጸሎት ስብሰባም ይብሳል። ቤቱ በስሜ ነው።

ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። የመጡት የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ግን ያን ጊዜ ማን ያውቃል? ምድጃውን ለኮስኩና ካርዱን እሳቱ ላይ ያዝኩት።

"እትዬ!" ብላ እጄን ያዘችኝ። "ተቆጥሮ የሚቀመጥ ነው! ሰባ ስምንት ነው፤ ማዳም ታውቀዋለች!"

"ዝም በይ። እዚህ ቢገኝ ሁላችንም እናልቃለን።"

"ታዲያ እኔ በምን አስረዳለሁ?"

"በእኔ" አልኳት። "በዓይኔ አይቼዋለሁ አይደል? ወረቀት ምን ያደርግልሻል። ምስክርሽ እኔ ነኝ።"

"በእግዚአብሔር ፊት?"

"በእግዚአብሔር ፊት።"

አመዱን በቧንቧ ውሃ አጠብኩት። ውድነሽ ትከሻዬን ሳመችኝ።

ከመዝሙሩ በኋላ ተነስታ ቆመች። በዚያ ኅብረት በሦስት ዓመት ውስጥ ቆማ ስትናገር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ማዳሟ ታሮት የሚባል ካርድ እንዳላት፣ አንዱን ካርድ አይታ ልቧን እንዳወቀችበት፣ አፍራ ሕልም ነው ብላ ለጸሎት ጓደኛዋ እንደተናገረች አንድ በአንድ ዘረዘረች። "መዋሸቴ ኃጢአት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች። "ግን ወንድም ኤልያቄም፣ ያየኸው ራእይ አይደለም። የእኔ ውሸት ነው።"

ፈለቀች "እኔ ለማንም አልተናገርኩም! ጌታ ምስክሬ ነው!" ብላ አለቀሰች። ኤልያቄም ፊቱ ጠቆረ። ያን ጊዜ እንኳ አጎንብሶ "ነግራኛለች፤ አየሁ ማለቴ ስህተት ነው" ቢል ሁላችንም እንወደው ነበር። ግን አሥራ ሦስት ሰው እያየው ነው።

"እህት ውድነሽ" አለ፤ "ጠንቋይ ፊት መቀመጥሽን በገዛ አፍሽ መሰከርሽ። የእግዚአብሔርን ቃል ላለመታዘዝ ነው ይህን ያመጣሽው። ለመሆኑ ካርዱ የታለ?"

"ተቃጥሏል።"

"ከአንቺ ሌላ ማን አየው? ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናል ይላል መጽሐፉ።"

ውድነሽ ስሜን አልጠራችም። ወደ እኔ ዞረች። ሰዉ ሁሉ ዓይኗን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ እልፍነሽ፣ የምታውቂው ነገር አለ?" አለኝ ኤልያቄም።

ስንት ነገር በአንድ ጊዜ በሰው ልብ ውስጥ እንደሚያልፍ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አዎ ብል ጥንቆላ ቤቴ አስገብቼ፣ ደብቄ፣ አቃጥዬ ልገኝ ነው። አዎ ብል ኅብረቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ዓርብ ዓርብ ማን ይመጣልኛል? እትዬ ብሎ ትከሻዬን ማን ይስመኛል? ሲከፋ ደግሞ አንዱ ተናዶ ወሬውን ቢያወጣው ኢቃማዬም ቤቴም ኸላስ፣ አበቃ።

"እኔ ሻይ ላይ ነበርኩ" አልኩ።

ውድነሽ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ስድስት ወር ከኅብረት እንድትታገድ፣ ማንም እንዳይደውልላት ተወሰነ። እጅ አወጣን። የእኔም እጅ ወጥቷል። ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ኬኩ ገና አልተቆረሰም ነበር።

ቀሪውን የሰማሁት ከማዳም ሃላ ሹፌር ነው፤ ክሊኒካችን የሚመላለስ ህንዳዊ ሽማግሌ ነው፤ ባልና ሚስቱ መኪና ውስጥ የሚያወሩትን ሁሉ ይሰማል። ከዐሥር ቀን በኋላ ማዳም ካርዶቿን ስትቆጥር አንድ ጎደለ። ውድነሽን ጠየቀቻት። ውድነሽ ወስጄ አቃጥዬዋለሁ አለች። ማዳም አልጮኸችባትም፣ "ማፊ ሙሽኪላ" አለቻት፣ ችግር የለም ማለቷ ነው፤ ግን ሴትዮዋ ፊቷ ነጣ አለ። የቀሩትን ሰባ ሰባቱን በመቀስ ቆራርጣ በሽንት ቤት ለቀቀቻቸው። ካርዱ በእርግጥ ስለመቃጠሉ፣ ከቤት ወጥቶ ማን እጅ እንደገባ፣ ይህች ልጅ ለማን ምን እንደተናገረች እያሰበች እንቅልፍ አጣች። ለውድነሽ ልቧን ከፍታ ያሳየቻት እሷ ናት፤ ከጀርባዋ መሳቢያዋ ተከፍቶ ጠበቃት። በእሷም አይፈረድም። በሦስተኛው ሳምንት ባልየው የውድነሽን ኹሩጅ አስመታ፤ መመለሻ የሌለው መውጫ።

ወሬው ዓርብ ዕለት ኅብረቱ ዘንድ ደረሰ። ኤልያቄም ተነስቶ "ይህን ወር አታሳልፊ ብሎ ነበር፤ ጥቂት ቀን ነው ያለፈው። የተናገረ እግዚአብሔር ፈጽሞታል" አለ። ሰዉ አመሰገነ። ከገበያ የተገዛ ደረቅ ኬክ ፊቴ ተቀምጦ እኔም አሜን አልኩ። ፈለቀች አላመሰገነችም። ማዳም ሃላ በውድነሽ ቦታ ፊሊፒናዊት ልታመጣ እንደሆነ ሰምታ ነበር፤ በቀጣዩም ሳምንት እዚያው አል ባዲያ፣ እዚያው ማሽኑ ሥር ነበረች።

ውድነሽ በምትሄድበት ቀን ለማንም ሳልናገር ከክሊኒኩ ፈቃድ ወስጄ በታክሲ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ነበር። ሰልፉ መጨረሻ ላይ አገኘኋት። ስታየኝ አልተቆጣችም፣ አልተገረመችም። አንዱን ሻንጣ ከእጇ ተቀብዬ አብሬያት ቆምኩ።

"ወደ እናትሽ ነው?" አልኳት።

"አይደለም። ስለ ገመዳ ደውዬ አይሆንም አልኳት፤ ስልኩን ዘጋችብኝ። አዲስ አበባ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

"ማዳም... ካርዱን እኔ እንዳቃጠልኩት ለምን አልነገርሻትም?"

"ስምሽን ብጠራ ለባሏ ትነግረዋለች። ባሏ ደግሞ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። ቤቱ በስምሽ ነው" አለች።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አደረገችኝ።

"ፈለቀች አልጋ ፈልጋ ነው፤ ይገባኛል፤ ስድስት ዓመት መሬት ላይ ተኝቻለሁ። ኤልያቄም ክብሩን ፈርቶ ነው፤ እሱም ይገባኛል" አለች። "አንቺን ግን ስንት ቀን አሰብኩ፣ ሊገባኝ አልቻለም። አንቺ ምን ፈልገሽ ነው፣ እትዬ?"

ክብር ነው እንዳልላት፣ ያን ለኤልያቄም ሰጥታዋለች። ፍርሃት ነው እንዳልላት፣ ከእኔ የበለጠ የምትፈራው ነገር እያላት እሷ ቆማ ተናግራለች። ትንሽ ጠበቀችኝ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰና ሻንጣዋን ከእጄ ተቀብላ ሄደች።